እሷ ትቆያለች

«የእኔ ሚስት ተኳሽ ናት፤ ስለዚህ ማምሸት አልወድም» ይል ነበር ባሏ፣ አዲስ ሰው ባገኘ ቁጥር። ሰሚው ደንገጥ ሲል ትንሽ ያቆየውና «የምትተኩሰው አንሶላ ነው፤ አይዞህ» ብሎ ይስቃል። የጭነት መኪና ሾፌር ስለሆነ አዲስ ሰው አያጣም፤ ቀልዱም አያረጅበትም። እሷ መቼም ስንቴ ሰምታዋለች! ያም ሆኖ አብራው ትስቅ ነበር። ሳቋ ከአፏ በፊት ከትከሻዋ ነው የሚነሳው፤ ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ያዩ ሁሉ ቀልዱን ሳይሰሙ ይስቃሉ።

እውነትም ተኳሽ ናት። ከሆቴልና ከሆስፒታል የሚመጣ ልብስ በሚታጠብበት ቤት ውስጥ፣ ጥግ ያለው የመጨረሻው ጠረጴዛ የእሷ ነው። ሥራው ላይ የገባችው ገና ጡቷ ሳያጎጠጉጥ ነበር። በከሰል ካውያ ጀመረች፣ ወደ ኤሌክትሪኩ ተሻገረች፣ አሁን ደግሞ እንፋሎት የሚተፋው መጥቷል። መዳፏ በመጀመሪያው ሰሞን ውሃ ቋጠረ፣ ፈረጠ፣ ደረቀ፣ እንደገና ቋጠረ። በኋላ መቋጠሩንም ተወው። ቆዳው እንደ ጫማ ሶል ደደረ። የፈላ ድስት ክዳን ያለ ጨርቅ ታነሳለች፤ የካውያውን ሆድ በጣቷ መታ መታ ታደርጋለች። የሥራ ጓደኞቿ «ጓንቴ» ብለው ሰየሟት። ምሳ ሰዓት ሲደርስ «ጓንቴ፣ እስቲ ያንን ድስት አውርጂልን! እኛ እንኳ ገና እጅ አለን» ይሏታል።

ይኸው እጅ በምትኖርበት ግቢ ውስጥ ሌላ ሹመት አገኘ። ክፍል ተከራይተው የሚኖሩት ሴቶች አንድ ቀን ተሰብስበው ሲያወሩ፣ አንዷ «ስለ ትኩሳት ከተኳሽ ወዲያ ማን ያውቃል?» አለች። ለቀልድ ነበር። ግን ቀልድ እግር አለው፤ ሄዶ ሄዶ እውነት ቤት ይገባል። ልጇ ያተኮሰው የመሰላት እናት ሁሉ ወደ ጓንቴ ትመጣ ጀመር። እሷም መዳፏን ግንባሩ ላይ ታደርግና፣ ዓይኗን ወደ ጣሪያው ሰቅላ እንደሚያስብ ዳኛ ቆየት ብላ፣ ወይ «ደህና ነው» ወይ «ውሰጂው» ትላለች። ደስ ይላት ነበር፤ ለምን ይዋሻል። ብዙውን ጊዜም ልክ ትሆን ነበር። እንዴት ልክ እንደምትሆን ግን አንድም ቀን ራሷን ጠይቃ አታውቅም።

ስለ ሴት ልጅ የምታውቀውን ያወቀችው ከራሷ ነው። ገና ጡት ሳትጠግብ እናቷ ወንድሟን አረገዘችና ከደረቷ ላይ አወረደቻት። ወንድሟ ተወለደ፤ ከዚያ ወዲያ እሷ ከሳህኑ ጠርዝ ላይ የተረፈውን የምትጠብቅ ልጅ ሆነች። ሁለት ጊዜ ታማ ተኝታለች፤ ማንም የትም አልወሰዳትም፤ ራሷ ተነሳች። እናቷ ይህን ለሰው ስታወራ «ሴት ልጅ እንደ ድመት ናት፤ ነፍሷ ሰባት ነው» ትላለች፤ ትንሿ ልጅም ጀርባዋን ቀጥ አድርጋ ታዳምጣለች፤ የተሸለመች ያህል። በአጥሩ ቀዳዳ እጇን እየሰደደች ሾርባ ስታጠጣት የከረመችው ልጅ የሌላት ጎረቤት ግን ወሬው ውስጥ ገብታ አታውቅም። ሾርባው ተረሳ፤ የቀረው ሰባቱ ነፍስ ብቻ ነው።

አማቷ ደግሞ በሌላ ትምህርት ቤት ያለፉ ሴት ናቸው። ደግ ናቸው፣ ጨዋታ አዋቂ ናቸው፣ ዓይናቸው ደከም ብሏል። ከወለዷቸው ልጆች ሴቶቹ ሁሉም አድገው ተድረዋል። ወንዶቹ ግን ቆመው ሳይሄዱ ተራ በተራ ተቀጠፉ፤ የተረፈው ሾፌሩ ብቻ ነው። ስለዚህ እንዲህ ይላሉ፦ «ወንድ ልጅ ብርጭቆ ነው፤ ሴት ልጅ ጣሳ ናት። ብርጭቆ የያዘ ሰው ሁለት እጁን ብርጭቆው ላይ ያድርግ። ጣሳማ ቢወድቅም ያው ጣሳ ነው፤ አንስቶ መጠጣት ነው።» ይህንን ያስተማሯቸው የቀበሯቸው ልጆቻቸው ናቸው፤ ማን ሊከራከራቸው?

ጓንቴ መንታ ወለደች። ሴቷ ቀድማ ወጣች፤ ደልደል ያለች፣ ድምፀ ጎርናና። ወንዱ ተከትሎ መጣ፤ የተላጠ ወፍ የመሰለ፣ የጎድን አጥንቱ የሚቆጠር። አማቷ ሁለቱንም ወደ ዓይናቸው አስጠግተው አዩና «ይኸውልሽ! አንድ ብርጭቆ፣ አንድ ጣሳ!» አሉ። ግቢው በሳቅ ፈረሰ። ሌላ ስም ቢኖራቸውም ከዚያ ቀን ጀምሮ እሱ ብርጭቆ፣ እሷ ጣሲት ሆነው ቀሩ።

የጓንቴ ጡት ለሁለት አልበቃም። ባሏ አንዴ ከወጣ ለሳምንታት አይመለስም፤ እንጀራው መንገድ ላይ ነው። የሥራ ቤቱ ኃላፊም «እኔ እንኳ ብጠብቅሽ አንሶላው አይጠብቅሽም» ስላላት ወገቧ ሳይጠና ወደ ካውያዋ ተመለሰች። ማንም ቁጭ ብሎ ሳይመክርበት ነገሩ እንዲህ ሆኖ አረፈ፦ ጡቱ ለብርጭቆ፣ ጡጦው ለጣሲት። የዱቄት ወተቱ ቶሎ እንዳያልቅ አማቷ ውሃ ያበዙበታል። ሁለቱ አብረው ሲያለቅሱ ወንዱ ይነሳል። «እሷ ትቆያለች» ይላሉ አማቷ። ጓንቴም «እሷ ትቆያለች» ትላለች። ቃሉ ግድግዳው ላይ እንደተንጠለጠለ ሰዓት የቤቱ ዕቃ ሆነ።

ጣሲትም ትቆያለች። ጡጫዋን አፏ ውስጥ ከታ እያኘከች፣ ወንድሟ ሲጠባ ታየዋለች። ተራዋ ሲደርስ በድዷ ትስቃለች፤ ሳቋም እንደ እናቷ ከትከሻዋ ይነሳል። የመጣ እንግዳ ሁሉ «ወይ ጠባይ! ይቺን ልጅ ስጡኝ» ይላል። እዚያ ቤት ጠባይ ማለት መቆየት ነበር።

አንድ የእረፍት ቀን የሥራ ጓደኛዋ፣ ዋና አጣቢዋ፣ ልትጠይቃቸው መጣች። ምላሷ እንደ ሳሙና ነው፤ ያጸዳል፣ ዓይን ውስጥም ይገባል። ጣሲትን አንስታ ወደ ላይ አጎነቻትና ፊቷ ተለወጠ።

«አንቺ፣ ይቺ ልጅ ቀልላለች።»

«ስትወለድ ወፍራም ነበረች እኮ» አለች ጓንቴ። «ከዚያ ላይ ነው የምትኖረው።»

«ግመል ናት እንዴ?»

«ተያት ባክሽ፤ ወንድሟ ነው ያሳሰበኝ። እሷ ትቆያለች።»

«እስከ መቼ?»

ጓንቴ ልትመልስ አፏን ስትከፍት ብርጭቆ ጮኸ። ሁለቱም ወደ እሱ ዞሩ። ጥያቄው እዚያው አልጋው ላይ ከጣሲት ጋር ተቀመጠ።

ብርዱ ገባ። የግቢው ግድግዳ ላብ አላበው፤ ብርድ ልብሱ ማታ እርጥብ፣ ጠዋት እርጥብ። መጀመሪያ ብርጭቆ ሳለ፤ ከዚያ ጣሲት። እሱ ሲስል ያለቅሳል፣ ይፈራገጣል፣ ጎረቤት ያስነሳል። እሷ ሳለችና ሳለችና ዝም አለች። ጡጦውን ስታይ መሳቋን ተወች።

ጓንቴ ጠዋት ወደ ሥራ ልትወጣ ስትል አማቷ የጣሲትን ግንባር ዳሰሱ። እጃቸው ምንጊዜም ቀዝቃዛ ነው፤ በጋም ክረምትም እንደ ጉድጓድ ውሃ።

«ይቺ ልጅ የሞቀች መሰለኝ» አሉ። «ግን የእኔን እጅ ማን ያምነዋል፣ ልጄ? በረዶ ነው፤ ሁሉ ነገር ያቃጥለዋል። ነይ አንቺ እይልኝ። ተኳሽ እያለች!»

ጓንቴ መዳፏን የልጇ ግንባር ላይ አሳረፈች። ዓይኗን ወደ ጣሪያው ሰቀለች። ምንም የለም። እንደ ትናንቱ ነው፤ እንደ ጠረጴዛው ነው።

«ደህና ናት እማማ። ጉንፋን ነው።»

«ተመስገን። ጣሳ ናታ!»

በዚህ መሃል ብርጭቆ እየጮኸ ራሱን ወደ ኋላ ወረወረ። ፊቱ ቲማቲም መስሏል። እሱንም ነካችው፤ ወዲያውም «እሱን ጤና ጣቢያ ልውሰደው» አለች። ከሥራ መቅረት ማለት ምን እንደሆነ ታውቃለች፤ ግን ብርጭቆ ነው። በጀርባዋ አዝላው ወጣች። በሩ ላይ ዞር ብላ «የእሷን ሳልም ጡጦም ስመለስ አያለሁ» አለች። «ሂጂ፣ ሂጂ» አሉ አማቷ። «እሷ ትቆያለች።»

ጤና ጣቢያው ውስጥ አግዳሚ ወንበሩ ሞልቶ ሰው መሬት ላይ ተቀምጧል። ተራዋ ሲደርስ ልጁን የተቀበለችው ሲስተር ወጣት ናት፤ ዓይኗ በእንቅልፍ እጦት ቀልቷል፣ አነጋገሯ ግን ለስላሳ ነው። ደረቱን አዳመጠች፣ ቴርሞሜትሩን አየች።

«ደህና ነው እናቴ። ጉንፋን ነው፤ ደረቱም ንጹህ ነው። ጩኸቱ ነው የሚያስፈራው።»

ጓንቴ እፎይ አለች። «እንዲህ ነው፤ ከወለድኩት ጀምሮ። ለመንታ እህቱም ጭምር ነው የሚጮኸው።»

«መንታ ናቸው? እሷስ አላማትም?»

«ታስላለች። ትኩሳት ግን የላትም፤ ዛሬ ጠዋት ራሴ አይቻታለሁ።»

ሲስተሯ ከፈላ ውሃ ውስጥ የብረት ትሪ በመቆንጠጫ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፤ እንፋሎቱ ይወጣል። ጓንቴ ልጇን ልታለብስ ቦታ ፈለገችና ትሪውን በእጇ አንስታ ወደ ዳር አደረገችው።

«ተይ እንዳትነኪው!» ጮኸች ሲስተሯ።

«ምነው?» ጓንቴ እጇ ገና ትሪው ላይ ነው።

«አይፈጅሽም?»

«እኔ'ኮ ተኳሽ ነኝ» አለች፤ ኩራት ቢጤ ነካ አድርጓት። «ልብስ ተኳሽ። እጄ ለምዶታል፤ ምንም አይሰማውም።»

ሲስተሯ ትሪውን አየች። መዳፉን አየች።

«በዚህ እጅ ነው ትኩሳቷን ያየሽው?»

የጓንቴ ሳቅ ትከሻዋ ላይ ደርሶ እዚያው ቆመ። እጇን የሌላ ሰው እጅ እንደሆነ ገልብጣ ተመለከተችው። የነካችው ግንባር ሁሉ በአንድ ጊዜ ትዝ አላት፤ የጎረቤቷ ልጅ፣ የበር ጠባቂው ልጅ፣ ሁሉም። አንዱም ሙቅ አልነበረም። አንዱም ቀዝቃዛ አልነበረም። ሁሉም እንደ ጠረጴዛ ነበሩ። «ውሰጂው» ያለችው የሚጮኸውን ነው፤ «ደህና ነው» ያለችው ዝም ያለውን። እስከዛሬ ስትፈርድ የኖረችው በጆሮዋ ነበር።

ሲስተሯ ቀጥላ ምን እንዳለቻት አልሰማችም። ብርጭቆን አዝላ ሮጠች። ታክሲው እንደ አህያ እየቆመ ይሄዳል፤ መሃል ላይ ወርዳ በእግሯ ተያያዘችው። ልጁ ጀርባዋ ላይ ይጮሃል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ጩኸቱ ምንም አልነገራትም።

አማቷ በሩ አጠገብ ተቀምጠዋል። «ቀስ በይ፣ ምን ሆነሻል?» አሉ በሹክሹክታ። «እንቅልፍ ወስዷታል። አላስቸገረችኝም፤ አንዴም አላለቀሰችም።»

ጡጦው እንደሞላ አጠገቧ አለ። ጓንቴ ጎንበስ ስትል እጇ በልማዱ ወደ ግንባሩ ሄደ፤ መልሳ ሰበሰበችው። ጉንጯን የልጇ ጉንጭ ላይ አደረገች።

ጉንጯ ተለበለበ።

የልጅቷ አፍንጫ ይከፈታል ይዘጋል። የጎድን አጥንቶቿ መሃል ያለው ቆዳ በእያንዳንዱ ትንፋሽ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። ጓንቴ ብርጭቆን ከጀርባዋ አውርዳ ፍራሹ ላይ ጣል አደረገችው፤ ጣሲትን አነሳች። ልጁ ቤቱን በጩኸት ሞላው።

«ልጁ! ኧረ ልጁ!» አሉ አማቷ።

«እሱ ይቆያል!» ብላ ወጣች።

ሲስተሯ ስታያት ወረፋም ስምም አልጠየቀችም፤ ልጅቷን ከእጇ ተቀብላ ወደ ውስጥ ገባች። ሐኪም መጣ። ኦክስጅን አደረጉላት። መርፌ የሚገባበት ሥር ፈለጉ፤ እጇ ላይ ጠፋ፣ እግሯ ላይ ጠፋ፣ ራሷ ላይ አገኙ። የሳንባ ምች ነው አሉ፤ ደግሞም በምግብ እጥረት በጣም ተጎድታለች፤ አቅሟ አልቋል አሉ። ሐኪሙ ሲወጣ ጓንቴ ነጭ ጋውኑን ይዛ አስቆመችው። ጥሩ አድርጎ የተተኮሰ ጋውን ነበር፤ ምናልባት በእሷ እጅ።

«ዶክተር፣ ትቆያለች?»

«አዎ፣ ትቆያለች» አለ ሐኪሙ ደክሞት፤ «ዛሬ አናስወጣትም፤ አልጋ ይዘንላታል።»

ጓንቴ የሰማችው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። ትቆያለች። ግድግዳውን ተደግፋ ቁጭ አለች፤ ያቺን አንዲት ቃል እንደ ትኩስ ዳቦ ደረቷ ውስጥ ይዛ። ሰው ሲያልፍ እግሯን ሰብሰብ እያደረገች «ልጄ ትቆያለች አሉኝ» አለች፤ ላልጠየቃት ሰው ሁሉ።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ሲስተሯ ወጥታ አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጠች። ወንበር እያለ መሬት ላይ ስትቀመጥ ጓንቴ ገባት።

ሾፌሩ በስልክ ነው የሰማው። ሲመለስ መኪናውን ከሩቅ አቁሞ በእግሩ መጣ፤ ጥሩምባ አልነፋም። ለቀብሩ አልደረሰም ነበር። ከዚያ ወዲያ ሚስቴ ተኳሽ ናት የሚለውን ቀልድ ከአፉ የሰማ የለም። አንድ ሰው «ሚስትህ ምን ትሠራለች?» ሲለው «ልብስ ቤት ነች» ብሎ ወሬ ይለውጣል።

ብርጭቆ ቆመ፣ ሄደ፣ ጉልበቱን ላጠ። የግቢውን ውሻ ጆሮ የሚጎትት፣ ግንባሩ ከድንጋይ የጠነከረ ልጅ ወጣው። አማቷ ግን በዚያ ስም መጥራቱን ትተዋል። አንድ ከሰዓት ብቻ፣ ጓንቴ ልብስ ስታጥፍ፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው እንዳዞሩ «ለካ ጣሳም ይበሳል» አሉ። ቆየት ብለውም እነዚያን ቀዝቃዛ እጆቻቸውን ጭናቸው ላይ አጋጥመው «እጄ ነግሮኝ ነበር እኮ፣ ልጄ» አሉ። ጓንቴ የያዘችውን ልብስ አጠፈችው፤ ፈታችው፤ እንደገና አጠፈችው።

የግቢው ሴቶች ልጅ ይዘው መምጣታቸው ቀረ። ማንም አልከለከላቸውም፤ እነሱው አፈሩ። እሷ እንዳታፍር ብለው አፈሩላት።

በሌላው ብርድ ወራት የአንድ ፀጉር አስተካካይ ሚስት ግቢው ውስጥ ክፍል ተከራይታ ገባች። አዲስ ናት፤ ስለ ጓንቴ እጅ ዝና እንጂ ሌላውን የነገራት የለም። አንድ ጠዋት ሴት ልጇን ታቅፋ፣ ወንዱን በእጇ እየጎተተች በሩ ላይ ቆመች።

«ጓንቴ የሚሉሽ አንቺ ነሽ አይደል? እስቲ እጅሽን አስነኪልኝ። ትላንት ስታስል ነበር፤ ዛሬ ግን ዝም ብላለች። እኔንስ የፈጀኝ ይኼኛው ነው፤ ሆዱን ቁርጠት ይዞት። መጀመሪያ እሱን ላሳክመውና... እሷ መቼም ትቆያለች።»

ጓንቴ ሁለት እጆቿን ሽርጧ ስር ከተተች። ጎንበስ ብላ ጉንጯን የሕፃኗ ጉንጭ ላይ አደረገች።

«ተነሺ። ነይ እንሂድ።»

«አሁን? ወጥ ጥጃለሁ እኮ...»

«አጥፊው።»

«እሱስ? ሆዱን...»

«እሱ ይጮሃል፤ የሚጮህ ሰው ያገኛል። ወዲህ ስጪኝ እሷን።»

አብራት ሄደች። ለሥራ የወጣችበት ልብስ እንደለበሰች፣ የሥራ ሰዓት እያለፈባት፣ ሕፃኗን በክንዷ ይዛ፤ በመዳፏ ሳይሆን በክርኗ እጥፋት፣ ቆዳው ገና ስስ በሆነበት። ጤና ጣቢያው ልጅቷን ተቀብሎ አስተኛት። ሰነበተች። ወጣች።

የፀጉር አስተካካዩ ሚስት ልጇን አቅፋ ሥራ ቤቱ ድረስ መጣች። ማሽኑ ይጮሃል፣ እንፋሎቱ ጣሪያውን ሸፍኖታል። ሴቶቹ ሁሉ ባሉበት፣ ድምጿን ከፍ አድርጋ፣

«ጓንቴ! እጅሽ ይባረክ! እጅሽ ይባረክልኝ!» አለች።

ዋና አጣቢዋ ፊቷን ወደ ገንዳው አዞረች።

«እጄን ተይው» አለች ጓንቴ። «ልጅቷን ወዲህ አምጫት።»

እናትየዋ ግራ ገብቷት ሕፃኗን ወደ ጠረጴዛው አስጠጋቻት። ጓንቴ ካውያውን ለቀቀችና ጎንበስ ብላ ጉንጯን ጉንጯ ላይ አሳረፈች። ለብ ያለ፣ የወተት ሽታ ያለው፣ ደህና ጉንጭ ነበር። ቀና አላለችም። ዓይኗን ጨፈነች። ሕፃኗ የጓንቴን ጆሮ ይዛ ጎተተች።

የሚቃጠል ጨርቅ ሽታ መጣ። እዚያ ቤት ስትሠራ አንድም አንሶላ አቃጥላ አታውቅም።

«ጓንቴ!» ጮኸች አጣቢዋ ከገንዳው። «አንቺ ጓንቴ! ካውያው! አንሶላው ነደደ!»

«ይቆይ» አለች ጓንቴ፣ ቀና ሳትል።